በ8 ሺህ ብር ማዘርቦርድ የተጀመረ ኮምፒውተር

የእህቴ ልጅ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. «ጋሼ፣ የጌም ኮምፒውተር ልገጣጥም ነው፤ ዕቃውን አብረን እንምረጥ» ብሎ ሲደውልልኝ ማዘርቦርዱን፣ ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበትን ዋና ሰሌዳ፣ ገዝቶ ጨርሷል። ይህን የነገረኝ ግን መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ የላከልኝ ከዩቲዩብ የለቃቀመውን ዝርዝር ነበር፦ ኮር አይ7-13700ኬ ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ፣ ባለ 16 ጊጋ አንድ ፍሬ ራም፣ የውኃ ማቀዝቀዣ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ። ከሁሉም በታች «ፓወር ሰፕላይ 500 ዋት፣ ከዚሁ ይገዛል» ይላል፤ ኤሌክትሪኩን ለሌላው ዕቃ ሁሉ የሚያድለው ሳጥን ነው።

ማዘርቦርዱ ቢ450 ነው። ያገለገለ፣ መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ በ8 ሺህ ብር የተገዛ። ቢ450 የሚቀበለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ያለው ደግሞ የኢንቴል። ይህን ስነግረው «ማዘርቦርድ ማዘርቦርድ አይደል እንዴ?» አለኝ። ሻጩ «ለጌም ነው?» ብሎ ጠየቀው፣ አዎ ሲለው አወጣለት፤ ንግግራቸው ይኸው ነው። አብሬው ሄጄ ልንመልስ ሞከርን። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም ነበረበት፤ ሻጩ በትሕትና ማኅተሙን በጣቱ አሳየኝ።

ስለዚህ ምርጫችን ከዜሮ አልጀመረም። የተገዛውን ቦርድ ጥለን 8 ሺህ ብሩን እርም ማለት፣ ወይም ቦርዱን ይዘን ሌላውን ሁሉ ለእሱ እንዲስማማ አድርገን መምረጥ። ሁለተኛውን መረጥን። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ የዚህ ቦርድ መዘዝ ነው፤ ደጉም ክፉውም።

ልጁ የአርክቴክቸር ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። እናቱ ብሩን የሰጠችው ለትምህርት ብላ ነው፣ እሱ የፈለገው ለጌም ነው፣ ሁለቱም አልዋሹም። ቀን የዲዛይን ፕሮግራሞቹ ስኬችአፕና ብሌንደር፣ ማታ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ጂቲኤ 5፣ ከጓደኞቹ ጋር ደግሞ ኢኤ ኤፍሲ። ሞኒተር አለው፣ ባለ 1080ፒ። ማዘርቦርዱን ሳይጨምር የቀረው በጀት 100 ሺህ ብር ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ገና ሦስት ወሩ ነበር፤ ባንክ ቤት 57 ብር የነበረው ዶላር ወደ 120 ደርሷል። በዚያ ሒሳብ 100 ሺህ ብር ከ830 ዶላር ብዙም አይበልጥም። (ሱቆቹ ከዚያ በፊትም ቢሆን በ57 አስበው አያውቁም፤ ለእነሱ ሐምሌ 22 ያን ያህል አዲስ ቀን አልነበረም።)

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሌላ እህት አለችን። ለገና የሚመጣ ዘመድ አግኝታ ትንንሹንና ውዱን ዕቃ እንድትልክ፣ ከባዱንና ቦታ የሚይዘውን እዚህ እንድንገዛ ተስማማን። ይህ ለጉዳዩ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካ ሆኖ የሚገጣጥም ሰው ዕቃው ከተበላሸ ጠቅልሎ ይመልሳል። እኛ ግን ዕቃው ቦሌ ካረፈ በኋላ ዋስትናው ካርቶኑ ላይ የቀረ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕቃ ስንመርጥ የጠየቅነው «ስንት ፍሬም (በሰከንድ ስንት ምስል) ይሰጣል?» ከሚለው ቀድሞ «አላነሳም ቢል ምን ይውጠናል?» የሚለውን ነበር።

በዚህ ዓይን ሲታይ የኢንቴሉ መቅረት አላስቆጨኝም። የ13ኛውና የ14ኛው ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳዩትን ባሕርይ የተከታተለ ያውቀዋል። ጌም መሀል ላይ ይዘጋሉ፣ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣሉ። ኢንቴል ራሱ ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቀ እንደሚጎዳ አምኖ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ማስተካከያ ማይክሮኮድ፣ የፕሮሰሰሩን የውስጥ መመሪያ፣ አወጣ፤ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም። የተራዘመው ዋስትና ለአሜሪካኑ ማጽናኛ ነው፤ ለእኛ ዜና ነው። በዚያ ላይ 13700ኬ ሲጨነቅ እስከ 253 ዋት ይስባል።

የወሰድነው ራይዘን 5 5600 ነው። ስድስት ኮር፣ 65 ዋት፣ ማቀዝቀዣው ከካርቶኑ ጋር የሚመጣ። የውኃ ማቀዝቀዣው ወጪ እዚያው ተሰረዘ። ልጁ ትንሽ ከፋው፤ መብራቷን ወዷት ነበር።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ግን ሁለት ሳምንት ተከራከርን፤ እዚህ ላይ አንባቢም ቢከራከረኝ አይገርመኝም። የእሱ ምርጫ 4060 በጌም ብቻ ከተለካ እኔ ካልኩት ከአርቲኤክስ 3060 ይፈጥናል፤ የሚስበውም 115 ዋት ነው፣ 3060 ግን 170። መብራት በሚቆራረጥበት አገር 55 ዋት ትንሽ አይደለም። ታዲያ ለምን 3060 አልኩ? አንደኛው ምክንያት ያው ማዘርቦርድ ነው። ካርዱ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርባቸው መስመሮች አሉ። 4060 የሚጠቀመው 8 መስመር ብቻ ነው፤ አራተኛ ትውልድ ቦርድ ላይ መስመሩ ፈጣን ስለሆነ አይታወቅም። ቢ450 ግን ሦስተኛ ትውልድ ነው፤ የእያንዳንዱ መስመር ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል። የካርዱ 8 ጊጋ ማስታወሻ እስካልሞላ ድረስ ይህ ብዙም አይጎዳም። ሲሞላ ግን ካርዱ ከዋናው ራም እየተዋሰ መሥራት ይጀምራል፣ በዚያች ጠባብ መንገድ። ጌሙ ብድግ ቁጭ ይላል። 3060 ግን 16ቱንም መስመር ይጠቀማል፤ ማስታወሻውም 12 ጊጋ ነው። ልጁ ደግሞ ብሌንደር ላይ ሙሉ ግቢ፣ ከነዛፉ ከነመኪናው፣ የሚሠራ ተማሪ ነው፤ 8 ጊጋ እዚያ ቶሎ ይሞላል።

«12 ጊጋ መሆኑን ካርቶኑ ላይ አይተሽ ግዢ» ብዬ ለእህቴ ሦስት ጊዜ ጽፌላታለሁ። ነዝናዛ ሆኜ አይደለም። በዚያው በ3060 ስም የሚሸጥ ባለ 8 ጊጋ ካርድ አለ፤ የማስታወሻው መንገድ ከ192 ቢት ወደ 128 የጠበበ፣ ስለዚህም የዘገየ። ስሙ አንድ፣ ካርቶኑ መንታ።

ያገለገለ ካርድ ከዚህ እንግዛ የሚል ሐሳብም ነበር። ኢቴሬየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. በግራፊክስ ካርድ መመረቱን ሲያቆም ዓመታት ቀን ከሌት የሠሩ ካርዶች ገበያውን ሞልተውት ነበር፤ የትኛው ከዚያ እንደመጣ ሱቅ ውስጥ ቆሞ መለየት አይቻልም። ተውነው። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲ 1 ቴራ፣ ራሙ ባለ 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ። ባለ 16 አንድ ፍሬ ከመሆኑ ይልቅ ሁለት ሲሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት በኩል ይቀዳል፤ ዋጋው ያው ነው። እዚህ ላይ ክርክር አልነበረም።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ። ልጁ ከዝርዝሩ ግርጌ የወሸቀው፣ እኔ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው።

አንድ ቅዳሜ ይዞኝ ሄደ፣ እዚያው መገናኛ። ሻጩ «500 ዋት ኦርጅናል» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን። አነሳሁት። ቀለለኝ። የባዶ ብስኩት ጣሳ ነው የሚመስለው። ገልብጬ ጎኑ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አየሁ። ዘመናዊ ኮምፒውተር ኃይሉን ከሞላ ጎደል የሚወስደው ከ12 ቮልቱ መስመር ነው፤ ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚመገቡት ከዚያ ነው። ሠንጠረዡ ለ12 ቮልት 16 አምፒር ይላል። ስልኬን አውጥቼ አባዛሁት፦ 192 ዋት። የተቀረው 300 ዋት የት ነው? ስሙ ላይ ነው ያለው። የእኛ ካርድ ብቻውን 170 ይፈልጋል። ስልኩን ለልጁ አሳየሁት፤ ሻጩም አጎንብሶ አየና «ጋሼ፣ ሰው ሁሉ በዚህ ነው የሚጫወተው» አለኝ። ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩም ከአሜሪካ ይምጣ ተባለ፤ 550 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚባል የኃይል ቁጠባ ደረጃ ያለው። እህቴ ቅናሽ አግኝታ ገዛች። ደስ ብሏት ነገረችኝ፤ እኔ ደግሞ «ካርቶኑን ከፍተሽ ጎኑን ፎቶ አንሺልኝ» አልኳት። ቴሌግራም ላይ ፎቶው ሲመጣ አጎላሁት። መግቢያ፦ 115 ቮልት። ከዚያ በኋላ ሰረዝም የለ፣ 240ም የለ። 115 ብቻ።

አብዛኛው ፓወር ሰፕላይ ዛሬ ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ራሱ እያወቀ ይቀበላል፤ ሰውም ስለዚህ ማየት ትቷል። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ሞዴሎች ግን አሁንም አሉ። እነሱን አምጥቶ የእኛ 220 ላይ መሰካት ማለት አንድ ጡጫ የመሰለ ድምፅ፣ ሽታ፣ ከዚያ ጨለማ ነው፤ አብሮ ምን እንደሚሄድ አይታወቅም። እህቴ አላመነችም ነበር። «ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ? የስልክ ቻርጀሬን እኮ አዲስ አበባ ስመጣ እንደዚያው ነው የምሰካው» አለች። የስልክ ቻርጀሯ ላይ 100-240 መጻፉን እዚያው አነበበችልኝ። በማግስቱ መልሳ በ12 ዶላር ብልጫ ሌላ ወሰደች። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከወጣው ገንዘብ ሁሉ እንደዚያ 12 ዶላር የተባረከ የለም።

ከአሜሪካ የመጣው በጠቅላላው 590 ዶላር ገደማ፣ ማለትም ወደ 71 ሺህ ብር ወሰደ። በቀረው ኬዝና ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ እዚህ ገዛን። ዩፒኤሱ ላይ 1000 ተብሎ የተጻፈው ቪኤ ነው እንጂ ዋት አይደለም፤ ከታች በትንሹ 600 ዋት ይላል። ጌም ላይ ሲሆን ኮምፒውተሩ ከሞኒተሩ ጋር 300 ዋት ገደማ ስለሚስብ ይበቃል፣ ለመጫወት ሳይሆን ፋይል አስቀምጦ በሰላም ለማጥፋት።

ጥር ላይ፣ እህቴ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ አንሶላ አንጥፈን ገጠምነው። ልጁ ራሱ ነው የገጠመው፤ እኔ መብራት ያዥ። ሁሉም ገባ። ቁልፉን ሲጫነው ፋኖቹ ዞሩ፣ እናቱ ከወጥ ቤት «እሰይ» አለች። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

አምስት ደቂቃ። ጥቁር።

የልጁን ፊት ማየት አልቻልኩም። 5600 በውስጡ የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ጥፋቱ የካርዱ ይሁን የሌላ ወዲያው አይለይም። ቦርዱ ጠርዝ ላይ ግን አራት ጥቃቅን አምፖሎች አሉ፤ የፕሮሰሰር፣ የራም፣ የካርድ፣ የማስነሻ። የመጀመሪያዋ ቀይ ሆና ቀርታለች። ፕሮሰሰር። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቀድሞ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ቢ450 የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፣ 5600 ደግሞ በ2022። ባዮሱ፣ ቦርዱን የሚያስነሣው በውስጡ የተጻፈ ፕሮግራም፣ ካልታደሰ ቦርዱ ከእሱ በኋላ የተወለደውን ፕሮሰሰር አያውቀውም። አንዳንድ ቦርዶች ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ብቻ ባዮስ የሚታደስበት ቁልፍ አላቸው። የእኛ የለውም። ለማደስ ቦርዱ የሚያውቀው የድሮ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል፤ የድሮ ፕሮሰሰር ደግሞ ያለው እዚያው ሱቅ ነው።

ሻጩ ሲያየን ሳቀ፣ ግን ረዳን። ሁለተኛ ትውልድ ራይዘን ከአንድ የደንበኛ ኮምፒውተር ላይ ነቀለና ቦርዱ ላይ ሰካው፤ ተነሣ። ባዮሱን ከአምራቹ ገጽ በፍላሽ ይዘን ሄደናል። ሊጀምር ሲል «ቆይ» አልኩ። ባዮስ እየተጻፈ መብራት ከጠፋ ቦርዱ ግማሽ የተጻፈ ደብዳቤ ይዞ ይቀራል፤ ቀጥሎ የሚነሣው እንጃ። እሱ ሱቅ ዩፒኤስ የለም። ከመኪናው ኮፈን የራሳችንን ዩፒኤስ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ፤ ሊፍቱ አይሠራም። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ወጣቶች እያዩኝ ተጠቃቀሱ። ዕድሳቱ አራት ደቂቃ ያህል ወሰደ። መብራቱ አልጠፋም። ቢሆንም ደግሜ እሸከመዋለሁ።

የአገልግሎት 500 ብር ከፍለን ወጣን። ማታ 5600 መልሰን ስንሰካው በመጀመሪያው ተነሣ።

በሦስተኛው ቀን ልጁ ደወለ፤ «ጋሼ፣ ኬዙ ይነዝረኛል።» ቀስ ብሎ የሚወር ንዝረት፣ በተለይ ባዶ እግሩን ሲሆን። ቴስተር ይዤ ሄድኩ። የቴስተሩን ጫፍ የኬዙ ብሎን ላይ ሳስጠጋው እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ አምፖል በራች። ፓወር ሰፕላዩ የተበላሸ መስሎት ነበር። አልተበላሸም። ማንኛውም ጥሩ ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ጫጫታ የሚያጣሩ ካፓሲተሮች አሉት፤ እነሱ በአርዝ ሽቦ በኩል ወደ መሬት ትንሽ ኩሬንቲ ይለቃሉ። አርዝ ከሌለ መሄጃ ያጣና ኬዙ ላይ ይቀመጣል፤ የመስመሩ ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት። መጠኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ በደህና ጊዜ አይገድልም፤ ግን ይነዝራል። ዩፒኤሱ የተሰካበትን ሶኬት ስንፈታው የአርዝ ብረቱ ፊቱ ላይ አለ፣ ከኋላው ግን ምንም ሽቦ አልታሰረበትም። ለጌጥ ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ግቢው ውስጥ ዘንግ ተቀበረ፣ ሽቦ ተሳበ። ቴስተሩ ከዚያ በኋላ አልበራም። እናቱ ለ20 ዓመት ስትነዝራት የኖረችው የልብስ ማጠቢያ ማሽንም በዚያው ዳነች።

የቀረው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋን የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው፤ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ እዚህ የሚያሳልፈው አየር ያነሰ ነው። አንዳንድ ቻርጀሮች ጀርባ ላይ ተራራ ተሥሎበት 2000 ሜትር የሚል ምልክት አለ፤ የቻይና ደረጃ ነው፣ ሳሳ ያለ አየር ኤሌክትሪክንም ጥሩ አድርጎ ስለማይከላከል። ልጁ የመስታወት ፊት ያለውን ኬዝ አጥብቆ ፈልጎ ስለነበር አንዷን ነገር ለእሱ ልተው ብዬ እሺ አልኩ። አጠፋሁ። ሁለት ሰዓት ጌም ላይ ሲቆይ ካርዱ 83 ዲግሪ ደረሰና ፋኑ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ጮኸ። መስታወቱን ከፊት ነቅለን ስናየው 74። ከዚያ ወዲህ መስታወቱ ሳይመለስ ቀረ፤ በቦታው እናቱ የሰጠችውን የመስኮት ወንፊት ቆርጦ ለጠፈበት። ወንፊቱን በየሁለት ሳምንቱ ያራግፋል፤ የበጋው አቧራ ብዙ ነው።

መጋቢት ላይ የሴሚስተሩን ፕሮጀክት በዚያ ኮምፒውተር ሬንደር አድርጎ አስረከበ። ማታ ማታ የሚያደርገውን እናቱ ታውቃለች፤ ቆጣሪው ነግሯታል።

በዚያው ወር አንድ ፕሮግራም ልጭንለት ቤታቸው ሄጄ ሳለ፣ ለሌላ ነገር ብዬ የራሙን ፍጥነት አየሁ። 1200 ይላል፤ በእጥፍ ስለሚቆጠር 2400 ማለት ነው። የገዛነው 3200 ነው። ራም ካርቶኑ ላይ ባለው ፍጥነት የሚሄደው ባዮስ ውስጥ አንዲት መስመር ሲበራለት ነው። ያን ቀን ስክሪኑ ከጥቁር ሲነሣ በደስታ ረስቼዋለሁ። ልጁ ሻይ ሊያመጣ ወጥ ቤት ገባ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁ፣ ባዮስ ገባሁ፣ አበራኋት፣ አስቀምጬ ወጣሁ።

ሻዩን ይዞ ሲመለስ «ምን አደረግክለት ጋሼ?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።